በክንፍ ውስጥ የቀረ መልስ

ሜሪን ሃልዴን በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሸሚዝ ቀየረች። መጨረሻ ላይ የለበሰችው መጀመሪያ አውልቃ የጣለችውን ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ለወንድ ብላ መስታወት ፊት መቆም ከተወች ቆይታለች። ዛሬም ለማማር አይደለም ብላ ራሷን ለማሳመን ሞከረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታቪታ ሌኦታን ፊት ለፊት አግኝታ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «እሺ ካልኩህ በኋላ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ?» ብላ መጠየቅ። ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ሰውየው ይመጣል።

እስከዚያው ግን ጎብኚ አለ። የአባቷ የጋሪክ ሃልዴን የአውሮፕላን ሃንጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕዝብ ይከፈታል። ጋሪክ ዋይራው በሚባለው ሸለቆ ከወንዙ እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ የበግ እርሻ አለው፤ በጎቹን ግን ለሠራተኞቹ ትቶ ዕድሜውን ያፈሰሰው በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች ላይ ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ኪቲሆክ የሚባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ነው። አጎቱ በሰለሞን ደሴቶች ላይ ወጥቶ የቀረው እንዲህ ያለውን እያበረረ ነበርና።

ሜሪን አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎብኚዎችን ይዛ ኪቲሆኩ አጠገብ ስትደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመዋት ክርክራቸውን ጀምረው ነበር። ኔቪል ታክዌልና ክሌም ብሮፊ ቅዳሜን አያሳልፉም። የሚያስማማቸው ነገር ቢኖር ሃንጋሩ የሚሸጠው የስጋ ፓይ ጥሩ መሆኑ ብቻ ነው።

«ይሄ አውሮፕላን አይደለም፤ ቁጥር ነው!» ይላል ኔቪል፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «ከወደቀበት ረግረግ የወጣው አንድ የቁጥር ሰሌዳና ግማሽ ጭራ ነበር። የቀረውን እዚሁ በአዲስ ላሜራ ቀጥቅጠው ሠሩና ‘ከጦርነት የተረፈ’ አሉት። ከነጭቃው፣ ከነጥይት ቀዳዳው መቀመጥ ነበረበት። ደግሞ አረንጓዴው ቀለም ራሱ ልክ አይደለም።»

«መጣ ደግሞ በአረንጓዴው!» አለ ክሌም። «አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህ ፕላስቲክ ነው፣ ልብህ ውስጥ ሽቦ ገብቷል፣ ጥርስህን ብርጭቆ ውስጥ ነው የምታሳድረው። ታዲያ አንተም ኔቪል አይደለህም በለና!»

«እኔ በርሬ አላውቅም።»

«እሱማ አውቶቡስ ነጂ ነበርክ። ያንንም ቢሆን አጥር ላይ ሰቅለኸዋል።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ሜሪንም እንደ ወትሮው ፈገግ ብላ ወደ ላሜራ መሥሪያው ባንኮ ወሰደቻቸው፤ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ የምትነግራቸው ነገር አለ። «እዚህ ቤት ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የገባ ሠራተኛ በዚያው በገባበት በር ይወጣል። አልሙኒየም ላይ በእርሳስ አይጻፍም። እርጥበት ሲያገኘው ጽሑፉ ብረቱን ይበላዋል፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አሥር ዓመት ቆይቶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። የተጻፈ ካለ ወዲያው በቀለም ማቅጠኛ፣ በአኳራጅ፣ መጠረግ አለበት።» ይህን ስትል ድምጿ አይለወጥም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብላዋለች፤ ቃሉ በአፏ ውስጥ ቢመርም ለምዳዋለች።

ነገሩ የመረራት በምክንያት ነው።

ታቪታ ወደዚህ ሃንጋር ሲመጣ የክራይስትቸርች ባትላሜራ ነበር። የተጋጨ መኪና ሲያቀና ጋሪክ አየውና «ይሄ ልጅ እጁ ወርቅ ነው» ብሎ አመጣው። ሳሞአዊ ነው፤ አባቱ ቄራ፣ እናቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ይሠሩ ነበር። ጋሪክ በሰው ሁሉ ፊት እጁን አመስግኖ አይጠግብም፤ ባለእጁን ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ለምሳ ቤቱ አስገብቶት አያውቅም። ሜሪን ያኔ ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ታነሳ ነበር። ሻይ የምታፈላውም እሷ ነበረች። ፍቅሩ የተጀመረው በሻዩ ነው፤ ታቪታ ብርጭቆውን ሲቀበላት ጣቶቹን ቀድሞ በቱታው ይጠርጋል፣ ዓይኖቹን ግን ከዓይኖቿ አያነሳም። ይሄ የማይነሳ ዓይን ሥራዋን ሁሉ አስረሳት። ደብዳቤ ስትጽፍ የሰው ስም ትስታለች፣ ስልክ ስታነሳ ማን እንደደወለ ትረሳለች። ሦስት ክረምት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ሜልበርን ሥራ አገኘ። የኪቲሆኩ ክንፍ ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ የክንፉ የመጨረሻ ላሜራ ተመትቶ ከመዘጋቱ በፊት የሠራው ሰው ሁሉ በውስጠኛው ገጽ ላይ ስሙን ይጽፋል። አንዱ ቀኑን ይጨምራል፣ አንዱ ጓደኛውን ይሳደባል። ክንፉ አንዴ ከተዘጋ ማንም አያየውምና ሰው ልቡን ይከፍታል። ታቪታም ይህን ተመርኩዞ አንድ አርብ ቀን ጠራት።

«አብረሽኝ ሂጂ፣ አግቢኝ» አላት። «አሁን አትመልሺልኝ። ፊትሽን እያየሁ ‘አይሆንም’ ስትዪኝ መስማት አልችልም፣ ሜሪን። ከስሜ አጠገብ ቦታ ትቼልሻለሁ። መልስሽን እዚያ ጻፊው። እሁድ የእናቴ ሰፈር ልጆች ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩበት ነጭ እሁድ ነው፤ እዚያ ውዬ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። ከመዝጋቴ በፊት አየዋለሁ። ባዶ ከሆነ ገብቶኛል ማለት ነው። አንድም ቃል አልጠይቅሽም፤ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሃንጋሩ ባዶ ሲሆን ገባች። ላሜራው ባንኮው ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ሌሎቹ የጻፉበት ማርከር ክዳኑ ሳይገጠም አድሮ ደርቋል። ማሸጊያ ሳጥን የሚሠሩት አናጢዎች ቦታ ላይ ወፍራም እርሳስ አገኘች። ስለ እርሳስ ለቢሮ ልጅ ማንም ምንም ነግሯት አያውቅም። እንዳይለቅ ብላ ጫን እያደረገች ጻፈች፤ «እሺ። የትም ብትሄድ አብሬህ ነኝ። ሜሪን።»

ሰኞ ጠዋት ላሜራውን የሚገጥመው የሪቬት ሚስማር ሲመታ ድምፁ ቢሮዋ ድረስ ተሰማት። እያንዳንዱ ምት ደስታዋ ነበር። አሁን አንብቦታል፣ አሁን ይመጣል እያለች ሁለት ብርጭቆ አዘጋጀች። አልመጣም። ማክሰኞም ዓይኑን አላሳያትም። ሐሙስ ሄደ። በገና ሰሞን ከሜልበርን አንድ ካርድ መጣ፤ «ለሁላችሁም መልካም በዓል» ይላል። «ሁላችሁም» የሚለውን ቃል ደጋግማ አነበበችና ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎብኚ ማስጎብኘት ስትጀምር የእርሳሱን ሕግ ተማረች። ያን ቀን ሁሉም ነገር የተገለጠላት መሰላት። ታቪታ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው፤ መልሷን አንብቦ፣ እንደ ሕጉ ጠርጎ፣ ከላዩ ሪቬቱን መታበት። ፈራ፣ ወይም ሐሳቡን ለወጠ፣ ወይም ድሮም አይወዳትም ነበር። እሺ ያለችውን ልብ እንደ ቆሻሻ በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት ጨዋ ወንዶች «አንተም ትጠርገኛለህ» እያለች በልቧ መለሰቻቸው። አባቷን ደም ግፊት ጥሎ በከፊል ሽባ ሲያደርገውም እሷ ናት ያስታመመችው።

ታዲያ በዚህ ወር በኪቲሆኩ ግራ ክንፍ ሥር ቀለሙ አበጥ ብሎ ተገኘ። ጫን ሲሉት ነጭ ዱቄት ወጣ። ላሜራው መከፈት አለበት። የሃንጋሩ ኃላፊ ራንጊ ክንፉን የሠራውን ሰው፣ አሁን ኦክላንድ የሚኖረውን ታቪታን፣ ደውሎ ጠራው። ጋሪክ «ሌላ ሰው የለም?» ብሎ ነበር። ራንጊ «የለም» አለው።

ታቪታ አምስት ሰዓት ላይ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ገባ። ወፍሯል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል አድርጎበታል። ሜሪን መጀመሪያ ያየችው እነዚያን የማይነሱ ዓይኖች ነበር፤ ዛሬ ግን ገና እንዳዩዋት መሬት አዩ። ቀጥሎ ያየችው የግራ እጁን ቀለበት ነው። ማግባቱን ሰምታለች። መስማትና ማየት ለየቅል መሆናቸውን ግን አሁን አወቀች።

«እንደምን አለሽ፣ ሜሪን።»

«ደህና ነኝ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ነፋስ ነበረው።»

አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ራንጊ ጎብኚዎቹን ሻይ ሊያጠጣ ወሰዳቸውና «ሜሪን፣ እስክመለስ ባትሪ ያዢለት» ብሏት ሄደ። ሁለቱ ክንፉ ሥር ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ወደ ላይ አንጋጠው። ታቪታ የሪቬቶቹን ራስ አንድ በአንድ መሰርሰር ጀመረ። የብረት ፍርፋሪ ክንዷ ላይ ይወድቃል። አላራገፈችውም። መብራቱ ላሜራው ላይ ይርገበገባል።

«መብራቱን አጽኚው» አላት ቀስ ብሎ።

«ለምን ሄድክ?»

መሰርሰሪያውን አጠፋው።

«እሺ ብዬህ ለምን ሄድክ፣ ታቪታ? እምቢ ብትለኝ፣ ሐሳቤን ለወጥኩ ብትለኝ እሞት ነበር? አልሞትም ነበር! አንብበህ፣ ጠርገህ፣ እንዳላየ ሆነህ ከፊቴ ማለፍ ምን ይባላል?»

ዞሮ አያት። ከመጣ ጀምሮ ዓይኗን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «ምን እሺ?» አለ።

«አትቀልድብኝ።»

«አንቺ አትቀልጂብኝ! ባዶ ነበር።» ድምፁ ከረረ። «ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣሁ። ከእናቴ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ መጣሁ። ባትሪ ይዤ አየሁት። ከስሜ አጠገብ ምንም አልነበረም፤ ጥርት ብሎ፣ አብለጭልጮ... እንደ ሳህን ታጥቦ ነበር። ሦስት ጊዜ አየሁት። ተሳስታ ሌላ ቦታ ጽፋ ይሆናል ብዬ ዳር እስከ ዳር ፈለግኩት። ከዚያ ራሴ በእጄ ሪቬቱን መታሁት። እያንዳንዱን ስመታ እየሰማች ነው እያልኩ ነበር፤ ከቢሮዋ ሆና እየሰማች ትስቅ ይሆናል እያልኩ።»

«እሰማ ነበር» አለች ሜሪን። «እስቅም ነበር።»

«አየሽ!»

«በደስታ ነዋ! አንተ ደደብ፣ በደስታ!»

እሱ ትዋሻለች ብሎ ያስባል፣ እሷም ይዋሻል ብላ ታስባለች፤ ሁለቱም ግን የሌላውን ፊት አይተው ልባቸው መጠራጠር ጀምሯል። አርባ የሚሆኑ ሪቬቶች ቀርተው ነበር። ታቪታ መሰርሰሪያውን አነሳና ሠርቶ በማያውቀው ፍጥነት ተያያዘው፤ ለጥንቃቄ ግድ አልነበረውም። የመጨረሻው ሲወጣ ላሜራው ዝቅ አለ፤ ሁለቱም በእጃቸው ተቀበሉት፣ አውጥተው ባንኮው ላይ በጀርባው አጋደሙት።

የራንጊ ስም አለ። የጋሪክ ስም አለ። በሰማያዊ ማርከር «ታቪታ ሌኦታ» የሚል አለ። ከእሱ ቀጥሎ አልሙኒየሙን ነጭ ዝገት በልቶታል።

«እርሳስ!» አለ ታቪታ፣ በንዴት። «ይሄ የእርሳስ ዝገት ነው። ማን ነው የተረገመ እኔ በሠራሁት ክንፍ ላይ በእርሳስ...»

ባትሪውን ከእጇ ተቀብሎ በጎን በኩል ያዘው። በጎን ሲበራበት ነጩ ዱቄት መስመር ያዘ፣ መስመሩም ፊደል ሆነ። ጫን ተደርጎ የተጻፈ፣ የወፍራም እርሳስ ፊደል። ላይ ላዩ ተጠርጎ ጭረቱ ውስጥ የቀረው አሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ብረቱን ሲበላ ኖሮ ነው። እሺ። የትም ብትሄድ አብሬህ ነኝ። ሜሪን።

ታቪታ በጥፍሩ የመጀመሪያዋን ፊደል ዳሰሰ፤ እጁ እዚያው ቀረ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሳለ መሰላት።

«ማን ጠረገው?» አለች ሜሪን፣ ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ሆኖባት።

ከኋላቸው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጋሪክ ሃልዴን ነው፤ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ እንደ ሁልጊዜው በብረት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ። ባንኮው ድረስ መጥቶ ላሜራውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ያን ሰኞ» አለ ታቪታ ቀስ ብሎ፣ «ስገባ ሽታው ነበር። አኳራጅ። እርስዎ እዚህ ባንኮ ጋ ቆመው ነበር፣ ጨርቅ ይዘው። ‘ንጹህ ነው፣ ዝጋው’ ነበር ያሉኝ።»

«እርሳስ ነበር» አለ ጋሪክ። «እርሳስ ይጠረጋል። የዚህ ቤት ሕግ ነው፤ ታውቀዋለህ።»

«አንብበው ነው የጠረጉት?»

ሽማግሌው ዓይኑን ከላሜራው ላይ ነቅሎ ከዘራውን አየ።

«እንኳን ሰው መሆን፣ ሥራውንም አላወቁበትም» አለ ታቪታ። «ደህና አድርገው እንኳን አልጠረጉትም።»

ጋሪክ ከዘራውን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ። በሩ ጋ ሻይ ጠጥተው የሚመለሱትን ጎብኚዎች በመሃል ሰንጥቆ አለፋቸው፤ ሰላም እንኳን አላላቸውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ባንኮው ጋ ደረሱ። ኔቪል መነጽሩን አድርጎ አጎንብሶ አነበበ።

«ይሄ መቆረጥ የለበትም» አለ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር ሳይኖርበት። «በዚህ አውሮፕላን ላይ እውነተኛው ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

«ኔቭ» አለ ክሌም ክንዱን ይዞ፣ «ዛሬ ዝም በል። ና እንውጣ።» ጎብኚዎቹንም ይዟቸው ወጣ። ያን ቀን ስለ አረንጓዴው ቀለም ማንም አልተነፈሰም።

ሜሪንና ታቪታ ላሜራውን መሃላቸው አድርገው ቆሙ። ልትነካው እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው።

«ሐሙስ ዕለት» አለ፣ «አውቶቡሱን ሁለቴ አሳለፍኩት። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ነበር። ብትመጣ ባዶነቱን እረሳዋለሁ፣ ምንም አልጠይቃትም እያልኩ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር።»

«መስኮቴ ላይ ነበርኩ። መጥቶ ይሰናበተኛል እያልኩ።»

«ቃል ገብቼልሽ ነበር። አልጠይቅሽም ብዬ።»

«ሰው ሌላ ቃል ያጣ ይመስል!» ሳቅ ብላ ጀምራ ለቅሶ ሆነባት። «ታቪታ፣ አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አንዴ?»

«አንቺስ? አንዲት ደብዳቤ?»

ጥፋቱ የአባቷ ነው፤ ይህን ታውቃለች። ግን አባቷ የጠረገው አንድ መስመር ነበር። የቀረውን አሥራ አንድ ዓመት ሁለቱ ናቸው በኩራታቸው የጠረጉት። ይህም ገባት፤ ባይገባት ይሻላት ነበር።

ቢሮ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሜሪን አነሳችው። የሴት ድምፅ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ከኋላው የሕፃናት ጫጫታ ያለበት። «ሎሳ ነኝ፣ የታቪታ ባለቤት። ይቅርታ ሥራ አስፈታሁ። ደህና መድረሱን ልወቅ ብዬ ነው፤ ትንሿ ካላናገርኩት አልበላም ብላ አስቸግራኝ ነው።»

ሜሪን በበሩ ጠራችው። ገብቶ ስልኩን ተቀበለ። «ደርሻለሁ፣ ውዴ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የለም፣ አላመመኝም። ማታ ስመጣ እነግርሻለሁ። ሁሉንም እነግርሻለሁ። ስጪኝ እስኪ እቺን ቀበጥ...» ለልጁም በሳሞአ ቋንቋ አንድ ነገር ነገራት፤ ሜሪን ቃሉን አልሰማችም፣ ድምፁን ግን አወቀችው። ያ ድምፅ የእሷ ሊሆን የነበረ ነው። ጥሩ ባል ነው። የሚደብቅ፣ የሚያታልል ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልትንቀው ትችል ነበር፤ ይህም እድል ተነፈጋት። አሁንም ይወዳት እንደሆነ ልትጠይቀው አስባ ነበር፤ ተወችው።

ታቪታ ከሰዓት በኋላ የተበላውን ክፍል ቆርጦ አወጣ። ዝገቱ ጠልቋል፤ እንደዚያ ሆኖ ማንንም ይዞ ሊበር አይችልም። «ትፈልጊዋለሽ?» አላት፣ የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ላሜራ ይዞ።

«የት ላድርገው?» አለች።

እሱም የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር። ባንኮው ላይ ተወው።

ጋሪክ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር፣ ከዘራውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሜሪን ስትገባ ቀና አላለም።

«ስንቴ አነበብከው?» አለችው።

«ሁለት ጊዜ።»

«እና?»

«እናትሽ ከሞተች ስምንተኛ ወሯ ነበር። በዚህ ቤት የሰው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነበር።» እጁን አየው፤ የታመመውን። «ዓመት ሳይሞላት ትረሳዋለች አልኩ። አለመርሳትሽን ሳይ ደግሞ... ጊዜው አለፈ። በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ አመመኝ። አንቺ ነሽ የምታጎርሺኝ። እያጎረስሽኝ እንዴት ልንገርሽ?»

«ቅሪልኝ ለምን አላልከኝም?»

«ሰው ለምኜ አላውቅም።»

«ብትለኝ ኖሮ እኮ ታቪታን እዚሁ አስቀረው ነበር!» ድምጿ ቤቱን ሞላው። «ሜልበርንን ማን ፈለገው? እሱ የፈለገው እኔን ነበር፣ ሥራውንም እዚህ ይወደው ነበር። ሁለታችንም እንኖርልህ ነበር፣ አባዬ። የልጅ ልጆች ይጮኹብህ ነበር። ካንተ የሚጠበቀው በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን መጨመር ብቻ ነበር። አንድ ሳህን! እሱን ነው የነፈግኸኝ።»

ሽማግሌው ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ፣ «አሁንስ?» አለ። «አሁን ብለምንሽስ? ቅሪልኝ፣ ሜሪን።»

ያን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አዘነችለት፤ ጠላችውም፤ ሁለቱም ባንዴ መጡባት። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ከመስቀያው አወረደች።

«እራትህ ምድጃው ውስጥ ነው» አለችው፣ ለጎብኚዎች በምትናገርበት ጨዋ ድምፅ። «ሁለቱን ነጭ ክኒኖች ከምግብ በፊት፣ ቢጫውን በኋላ። ነገ ጠዋት በእኔ ፈንታ ነርስ እንድትመጣ አደርጋለሁ።»

በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ስሟን ጠራ። ጋሪክ ሃልዴን ልመና አልለመደምና ሊለማመጥ አስቦ የጠራው ስም እንደ ትእዛዝ ሆኖ ወጣ። ሜሪን ደረጃው ላይ ቆማ ሁለተኛ እስኪጠራት ጠበቀች፤ ሁለተኛውም ያው ሆነ። እያለቀሰች መኪናውን አስነሳች።